ግማሽ ያልሆነው ግማሽ ኢንች

ሜትርም ይዋሻል፣ ኢንችም ይዋሻል። ልዩነታቸው ሜትር ሲዋሽ መያዙ ነው። ነጋዴው ከጨርቁ ላይ ትንሽ ቢያጎድልባችሁ፣ ቤት ገብታችሁ ለክታችሁ፣ ተመልሳችሁ ሱቁን በጩኸት ትሞሉታላችሁ። ኢንች ሲዋሽ ግን ማንም አይይዘውም። ለምን ቢባል፣ ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለማ!

«እኔ አውቃለሁ» የምትሉ እንዳላችሁ ይገባኛል። እስቲ ቀና በሉና ቴሌቪዥናችሁን ተመልከቱት። «ሠላሳ ሁለት ኢንች ነው» ትላላችሁ። ጥሩ። ከየት እስከ የት? ወርዱ ነው? ቁመቱ ነው?... አያችሁ፣ ሁለቱም አይደለም! ከአንዱ ጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ በሰያፍ ነው የሚለካው። አልጋ ስትገዙ እንዲህ ቢለኩላችሁ ፖሊስ ትጠሩ ነበር።

እኔም እስካለፈው ኅዳር ድረስ ኢንችን የማውቀው ይመስለኝ ነበር። እንዲያውም ከብዙዎቻችሁ በተሻለ ክብር ነው የተዋወቅነው። ስድስተኛ ክፍል ስገባ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ አሥራ ሁለት። አስተማሪው አንድ ኢንች ሁለት ነጥብ አምስት አራት ሴንቲ ሜትር ነው ብሎ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ፣ ልጅቷ የእስክሪብቶዋን ጫፍ ታኝክ ነበር። እኔ ሁለት ጊዜ ጻፍኩት። ዘግይቶ የተማረ ሰው ያገኛትን ቁጥር አይጥልም፤ ተሰልፎ ያመጣት ናትና።

ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ዲላ ውስጥ እኛ ሰፈር ውሃ በተራ ነው የሚመጣው። በዘጠኝ ቀን አንዴ መጥቶ፣ ታንከራችንን ሞልቶ፣ ደህና ሰንብቱ ብሎ ይሄዳል። የዚያን ሳምንት ተራችን ሐሙስ ጠዋት ነበር። ሰኞ ዕለት ግቢዬን ስጠርግ፣ ከመንገድ የሚመጣው ቧንቧ ታንከሩ እግር ሥር ደርሶ ወደ ላይ የሚታጠፍበትን ብረት አየሁት። ክርን ይመስላል፤ ጎሚቶ ይሉታል። ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል! እንዲህ እንዳለ ሐሙስ ከደረሰ፣ ውሃው ታንከሬ ውስጥ መግባቱ ይቀርና ግቢዬን አቋርጦ የጎረቤት እንሰት ያጠጣል።

የእኔ ብቻ ጉዳይ ቢሆን ግድ የለም። ብቻዬን ነው የምኖረው፤ በሁለት ጄሪካን ዘጠኝ ቀን ልገፋ እችላለሁ። ችግሩ ቃል ገብቻለሁ። ከአጥሩ ማዶ ያለችው ጎረቤቴ አስቴር ታንከር የላትም፤ ቅዳሜ ደግሞ ልጇ ልትታጭ ነው። ከደጋው፣ ከቡሌ አርባ እንግዳ ይመጣል። እኔም አንድ ቀን ልቤ ሰፍቶ «የውሃውን ነገር ለእኔ ተይው» ብያታለሁ። በሰው ፊት!

ሰኞ ዕለት በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«ወርቄ፣ ውሃውን እንዳልሽው ነው አይደል?»

«እንዳልኩሽ ነው።»

«የቡሌ ሰዎች እኮ ናቸው! ምንጭ ደጃቸው የሚፈስ! በጣሳ እየቆጠብኩ እጅ ባስታጥባቸው ምን ይሉኛል?»

«ምን ይሉሻል?»

«ምንም አይሉም! የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ዝም ብለው የታጠበ እጃቸውን ያዩታል... ከዚያ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ... ከዚያ ልጄን ያዩዋታል።»

ስለ ጎሚቶው ትንፍሽ አላልኩም።

ኅዳር ላይ ዲላ ውስጥ ቧንቧ ሠራተኛ የሚፈልግ ሰው የቡናን ጠባይ የማያውቅ ሰው ነው። ቡናው ሲቀላ፣ መፍቻ የጨበጠ ሁሉ ወደ ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ይበተናል፤ ከተማው ውስጥ የሚቀረው የሚንጠባጠበው ቧንቧ ብቻ ነው። የእኔው ሠራተኛ በራሶም ባንኮ ጎቲቲ ወደሚባለው ቀበሌ ሄዷል። ደወልኩ፤ አያነሳም። ሦስቴ ደወልኩ፤ ሦስቴም አያነሳም። «እንግዲያውስ» አልኩ ለራሴ፣ «ብረት ፈትቶ ብረት ማሰር ምን አለው? ዋናው ልኩን ማወቅ ነው። ልክ ደግሞ የእኔ ነገር ነው!»

ማስመሪያዬን አወጣሁ። የቧንቧውን ውፍረት ከዳር እስከ ዳር ለካሁት። ሁለት ነጥብ አንድ ሴንቲ ሜትር። ደግሜ ለካሁት፤ ሁለት ነጥብ አንድ። ቧንቧ የሚሸጠው በኢንች መሆኑን አውቃለሁና ቁጭ ብዬ ለሁለት ነጥብ አምስት አራት አካፈልኩት። ዜሮ ነጥብ ስምንት ሁለት ሰባት። ወደ የትኛው ክፍልፋይ ይቀርባል? ከሦስት ሩብ ይልቅ ወደ ሰባት ስምንተኛ። በወረቀት ጽፌ፣ ከሥሩ አስምሬ፣ ማክሰኞ ወደ ሰይፉ ሱቅ ሄድኩ።

ሰይፉ ወደ ይርጋጨፌ በሚወስደው መንገድ ዳር ሚስማርም ሲሚንቶም ቧንቧም የሚሸጥ ወጣት ነው። እኔ የምሠራው ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ በማዋስ ነው፤ ሆኖም ዲላ ውስጥ መነጽር ያደረገች ሴት ሁሉ «ቲቸር» ስለሆነች እሱም እንዲያ ይለኛል።

«ቲቸር፣ ምን ልታዘዝ?»

«ጎሚቶ። ሰባት ስምንተኛ ኢንች።»

«ሰባት... ስምንተኛ?»

«ሰባት ስምንተኛ።»

«ቲቸር፣ ሰባትና ስምንተኛ ክፍል ከሆነ ትምህርት ቤቱ ወዲያ ማዶ ነው። እኔ ጋ ያለው ግማሽ፣ ሦስት ሩብ፣ አንድ። የሰው ቤት ቧንቧ እኮ ግማሽ ነው!»

«ግማሽ ሊሆን አይችልም። ግማሽ ኢንች ማለት አንድ ነጥብ ሁለት ሰባት ሴንቲ ሜትር ነው። የእኔ ሁለት ነጥብ አንድ ነው።»

«አሮጌውን ይዘሻል?»

«ቁጥሩን ይዣለሁ» ብዬ ወረቀቴን ዘረጋሁለት።

እንደ ሐኪም ማዘዣ ገልበጥ፣ ገልበጥ አደረገው። ከሥር ያሰመርኩትን መስመር በጣቱ ዳሰሰው።

«ቲቸር፣ ወረቀት ቧንቧ ላይ አይታሰርም። አሮጌውን አምጪው፤ ባየው ይበቃኛል።»

እዚህ ላይ ፍረዱኝ። ቁጥር እያለኝ፣ ያውም እስከ ሦስተኛ አኃዝ የተሰላ ቁጥር፣ የዛገ ብረት በፌስታል አንጠልጥዬ በከተማው መሐል ልዙር? ታዲያ የተማርኩት ለምንድን ነው? ከኋላዬ የቆመ ሰውዬ ደግሞ «ባለ ስምንት ሚስማር» አለና ተሰጠው። ስምንት ምን? ስምንት ሴንቲ? ስምንት ወንድሞች? ማንም አልጠየቀውም! እኔ ብቻ ነኝ ማስረጃ የምጠየቀው!

«ሦስት ሩቡን ስጠኝ» አልኩት። ከሰባት ስምንተኛ ቀጥሎ የሚቀርበው እሱ ነዋ።

«እሺ፤ ግን እንዳትቀየሚኝ።»

ቤት ገብቼ፣ ለምን እንደሆነ ሳልናገር ከአስቴር ቤት በተዋስኩት የቧንቧ መፍቻ አሮጌውን ፈታሁትና አዲሱን ገጠምኩ። ገጠምኩ ማለት... አጠለቅኩት። በአያቷ አምባር እንደምትጫወት ሕፃን ክንድ፣ ቧንቧዬ ጎሚቶው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። ማስመሪያዬን አነሳሁና የአዲሱን ብረት አፍ ለካሁ። ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሁለት ነጥብ ስድስት! ሦስት ሩብ ኢንች የተባለው ዕቃ ከአንድ ሙሉ ኢንች ይበልጣል! እንቅልፍ አልወሰደኝም ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ውሃው ሳይሆን ሒሳቡ ነው ያሳሰበኝ።

ረቡዕ ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት ደርሼ ቆምኩ።

«ሰይፉ፣ ሦስት ሩብ ብለህ የሸጥክልኝ ከአንድ ኢንች ይበልጣል!»

«ታዲያ አተረፍሽ!»

«ቀልዱን ተወው። ሦስት ሩብ ከአንድ እንዴት ይበልጣል? የምኑ ሦስት ሩብ ነው?»

«የምንም አይደለም።»

«ግማሹስ? የምኑ ግማሽ ነው?»

«ግማሽ... በቃ ግማሽ ነዋ! ቲቸር፣ ስሙ ነው። እኔ ሰይፉ እባላለሁ፤ አንድ ቀን ሰይፍ ይዤ አይተሽኛል?»

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሳቁ። እኔም ስቄ ግማሹን ተቀብዬ ብሄድ ኖሮ ይህን ወግ አታነቡም ነበር። እሱ ግማሹን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አድርጎልኝ ነበር እኮ! ግን አንዴ የዋሸኝን ስም ሁለተኛ እንዴት ልመን?

«አረጋግጬ እመለሳለሁ» አልኩት።

«አሮጌውን ይዘሽ!» ብሎ ከኋላዬ ጮኸ።

አስቴር የግቢዬ በር ላይ ጠበቀችኝ። የተፈታውን ቧንቧ በአጥር ቀዳዳ አይታው ኖሯል።

«ወርቄ! ምንድን ነው የማየው? ቧንቧው ለሁለት ተከፍሏል!»

«እየተጠገነ ነው።»

«ጎሚቶው የታለ?»

«በማጣራት ላይ ነኝ።»

«በማጣራት?! ሐሙስ እኮ ነገ ነው! የክስ መዝገብ ነው እንዴ የሚጣራው?» አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ካልሆነ ንገሪኝ። በባጃጅ ከወንዝ አስቀዳለሁ። ብቻ አታስጨንቂኝ... ልጄ ዛሬ እንኳ ሁለቴ ጠይቃኛለች።»

የተቆጣችኝ ጊዜ ምንም አልመሰለኝም፤ ድምጿን ዝቅ ያደረገች ጊዜ ግን ራሴን ታዘብኩት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? የሰው ልጅ እጮኛ እየመጣ እኔ ከነጥብ በኋላ ሦስተኛ አኃዝ እቆጥራለሁ!

በዚያው ቅጽበት ስልኬ ጮኸ። በራሶ! ከባንኮ ጎቲቲ፣ ከጀርባው ቡና የሚፈለፍለው ማሽን እየጮኸበት።

በራሶ አማርኛ ሲያወራ አንተና አንቺን አይለይም። እኔ በቋንቋው፣ በጌዴኡፋ ስናገር የማፈርሰውን እሱ ችሎ ስለሚሰማኝ፣ የእሱንም እኔ አላርምም። የሌላውን ሰው ሁሉ አርማለሁ።

«እህቴ፣ ደወልክ እንዴ?»

«በራሶ፣ የቧንቧዬ ልክ ስንት ነው?»

«ግማሽ።»

«በምን አወቅህ?»

«ጣት ከተትኩ።»

«ምን?»

«ጣት! ትንሿ ጣት ከገባ ግማሽ ነው። አውራ ጣት ከገባ ሦስት ሩብ። ሁለት ጣት አብሮ ከገባ አንድ ኢንች።»

«ሙሉ እጅ ቢገባስ?»

«እሱ የእኔ ሥራ አይደለም። የመንግሥት ነው።»

ልዘጋው ነበር፤ ግን አጣሪ ነኝና ጠየቅኩ። «በራሶ፣ ገባ ማለት ምን ማለት ነው? ጠብቆ ነው ወይስ ላልቶ?»

«ጠብቆ ነዋ! ላልቶ ከገባ ምኑን ለካህ?» አለና ማሽኑ ድምፁን ዋጠው።

አያችሁልኝ? ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው ትርጉም ያለው መስፈርት ነገረኝ! አሮጌውን ጎሚቶ አነሳሁ። የግራ እጄን ትንሿን ጣት ከተትኩ። ገባች... ግን ዘና ብላ፤ ውስጡ ቤት ተከራይታ ልትቀመጥበት ትችላለች። በራሶ ጠብቆ ብሏል። በራሶ ደግሞ ትንሿ ጣቱ የእኔን አውራ ጣት የምታህል ሰው መሆኑን በዚያ ሰዓት አላስታወስኩም። የቀጠለችውን፣ የቀለበት ጣቴን ከተትኩ። ጠበቀች። «በደንብ ይጥበቅ» ብዬ ገፋሁት። በደንብ ጠበቀ።

አልወጣ አለኝ።

ሳብኩት። አዞርኩት። ወደ ላይ፣ ወደ ታች አልኩት። ጣቴ አብጣ ቀላች። ሳሙና አለኝ፤ ግን ሳሙና ያለ ውሃ ምን ያደርጋል? የመጨረሻዋን ጄሪካን ጠዋት ጨርሻታለሁ። ውሃ እንዲመጣ ጎሚቶው መጠገን አለበት፣ ጎሚቶው እንዲጠገን ከጣቴ መውጣት አለበት፣ ከጣቴ እንዲወጣ ውሃ መምጣት አለበት! አስቴርን ልጥራት? ድምጿን ዝቅ ስታደርግ ከምሰማ ባጃጅ መጥራት ይሻለኛል። እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደብቄ ወጣሁ።

ባለ ባጃጁ በመስታወቱ ሰርቆ ሲያየኝ ቆይቶ «እናት፣ ወደ ሐኪም ቤት ነው?» አለኝ።

«ወደ ሰይፉ ሱቅ።»

«እሱ ደግሞ ማከም ጀመረ?»

ሱቅ ገብቼ ነጠላዬን ገለጥኩ። ሰይፉ ጣቴን አየ። ጎሚቶውን አየ። በየትኛው ጣት ላይ እንዳለም አየ፤ አፉን በእጁ ያዘ።

«ቲቸር! እንኳን ደስ ያለሽ! ማን አጨሽ?»

ቅዳሜ የሚታጨው የአስቴር ልጅ መሆኗን ላስረዳው አልሞከርኩም። ደግሞስ ማጌጤ ካልቀረ ከብረት ወርቅ ይሻለኝ ነበር!

«አውጣልኝ» አልኩት ብቻ።

«ቆይ፣ ቆይ! ይኸው እንዲህ ይዘሽው ነይ ስልሽ አልነበር!» ብሎ እጄን ሳብ አደረገና ከመደርደሪያው አንድ አጭር ባለ ጥርስ የቧንቧ ቁራጭ አንስቶ፣ ጣቴ ውስጡ እንዳለ፣ በጎሚቶው ሌላኛው አፍ በኩል ያዞር ጀመር። ሰተት ብሎ ገባ። ሱቁ ውስጥ አራት ሰው ነበር፤ አራቱም አንገታቸውን አስግገው ይመለከቱ ነበር፤ ሲጨርስ አራቱም በአንድ ድምፅ፦

«ግማሽ!»

ከጎረቤት ሱቅ የምግብ ዘይት መጣ። ሰይፉ ጣቴን እንደ ቧንቧ ወደ ግራ እያዞረ ፈታኝ። የብረቱ ጥርስ በጣቴ ዙሪያ ቁልጭ ብሎ ታትሟል፤ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ነት ይገባብኝ ነበር። አዲሱን ጎሚቶ፣ ውሃ እንዳያሾልክ ጥርሱ ላይ ከሚጠመጠመው ነጭ ቴፍሎን ጋር ጠቅልሎ ሰጠኝ። የገዛሁትን ሦስት ሩብ መልሶ ተቀበለኝ፣ አንድም ቃል ሳይናገር። ይህ ነው የቆጠቆጠኝ። ቢያሾፍብኝ ይቀለኝ ነበር።

የቀረውን፣ ያበጠ ጣቴን አይታ ሁሉን ካናዘዘችኝ ከአስቴር ጋር ሠራነው። እኔ ቴፍሎኑን ጠመጠምኩ፤ መፍቻውን የሚጨብጥ ጣት ስላልነበረኝ እሷ አሰረችው። «ጥብቅ!» ስላት «ጠብቋል!»፣ «ጨምሪ!» ስላት «አንቺ ነገር ማጥበቅ ምን እንዳመጣብሽ አላየሽም እንዴ?» እያለች።

ሐሙስ ጠዋት ሁለታችንም ታንከሩ ሥር ቁጭ ብለናል። ሁለት ሰዓት። ሦስት ሰዓት። ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ቧንቧው አስነጠሰ። ከዚያ ሳለ። ከዚያ ሽሽሽ... ሁለታችንም ጎሚቶው ላይ አፈጠጥን። እንባ የምታህል አንዲት ጠብታ ከጥጉ ብቅ አለች። አስቴር እጄን ያዘችኝ፤ ያውም የታመመውን እጅ! ጠብታዋ እዚያው ቆየች፣ ደረቀች፤ ሌላ አልተከተላትም። ከራሳችን በላይ ውሃው ታንከሩ ውስጥ ሲወድቅ ሰማነው።

አስቴር ተነስታ እስክስታ ወረደች። የሷ ቤተ ክርስቲያን ዘፈን አይወድም፤ እኔ ምንም አላየሁም።

ቅዳሜ የቡሌ ሰዎች መጡ። አርባ የተባሉት አርባ ሦስት ነበሩ፤ (ቆጥሬያለሁ፤ ምን ላድርግ!)። በሚፈስ ውሃ ታጠቡ። የእንግዶቹ ሽማግሌ እጃቸውን እያራገፉ «ውሃችሁ ጥሩ ነው» አሉ። አስቴር ወደ እኔ ዞራ ያሳየችኝን ፊት በየትኛውም መለኪያ አልጽፈውም።

አሁን በሰፈራችን ቧንቧ የተሰበረበት ሰው ወደ ሰይፉ ሱቅ ከመሄዱ በፊት ወደ እኔ ቤት ይመጣል። ማስመሪያዬን የሚፈልግ የለም። «ወርቄ፣ እስቲ ጣትሽን» ይሉኛል። እከታለሁ፤ ከጠበቀ ግማሽ ነው፤ እስካሁን አንድም ቀን አልተሳሳተም። (ገፍቼ አላስገባም፤ ተምሬያለሁ።) አንድ መጽሐፍ ላይ እንዳነበብኩት፣ የዓለም ሁሉ ሜትር የሚመሳከርበት አንድ የብረት ዘንግ ነበረ አሉ። ፈረንሳይ አገር፣ በምድር ቤት፣ በቁልፍ ላይ ቁልፍ ተደርቦበት፣ አቧራ እንዳይነካው፣ ሙቀት እንዳይለውጠው ተጠንቅቀው አስቀምጠውት ኖረዋል። የዲላው ግማሽ ኢንች ግን ግራ እጄ ላይ ነው፤ ቅዳሜ ዕለት እንግዶቹ ሲሄዱ የአርባ ሦስት ሰው ሳህን ያጠብኩት በእሱ ነው።